የሸክላው ማዶ

ልጆቹ ስቀውብኝ ነው ይሄ ሁሉ የመጣ። ባለፈው ሳምንት የሬዲዮኔ ድንጋይ ቢደክምብኝ አውጥቼ መስኮቱ ላይ ፀሐይ አሰጣሁት። ትንሿ የልጅ ልጄ አየችና «እማማ፣ ባትሪም እንደ በርበሬ ይሰጣል እንዴ?» ብላ ሆዷን ይዛ ሳቀች። «ይሰጣል እንጂ! እኔ በአንች ዕድሜ ሥራዬ ምን ሆነና?» አልኋት። ከዚያ ወዲያ ማን ይልቀቀኝ! «ይንገሩና፣ እማማ፣ ይንገሩና» ብለው ከበቡኝ። ታላቅየዋ ደብተር ይዛ መጣች። እኔ የትምህርት ቤት ደጃፍ ረግጬ አላውቅም፣ የምናገረውን የምትጽፈው እሷ ናት። «ቀስ ይበሉ፣ ደግሞም ከመንገዱ አይውጡ» ትለኛለች። የእኔ ወሬ እንደ ክረምት ውኃ ነው፤ ባገኘው ቦይ ሁሉ ይገባል፣ ምን ላድርገው።

ሽታው ነው ያመጣብኝ። ፀሐይ የሞቀ የባትሪ ድንጋይ እንደ ጋለ ምስማር ይሸታል። እሱን ሳሸት ራሴን የማገኘው ፍኖተ ሰላም፣ እቴቴ ጥሩወርቅ ጓሮ ነው፤ ሰፌድ ይዤ፣ ሰማይ ሰማይ እያየሁ፣ ደመናው መቼ ይገለጥ ይሆን እያልሁ።

እቴቴ የአባቴ ታላቅ እህት ናቸው። ባላቸው ሞተው ብቻቸውን ይኖሩ ነበር። የእኛ ቤት ከማንኩሳ ወዲያ ገጠር ውስጥ ነው። በሰኔ እናቴ ስትወልድ አባቴ «ክረምቱን ለእህቴ እጅና እግር ትሁናት» ብሎ ይዞኝ መጣ። ስምንት ዓመቴ ይሁን ዘጠኝ አላውቅም፤ የፊት ጥርሴ የወለቀበት ዓመት ነው። መንገዳችን ላይ ያለው ወንዝ ሞልቶ ስለነበር በትከሻው ነው ያሻገረኝ። ወዲያ ማዶ ስንደርስ ዞሬ ባይ፣ ውሻችን ወዲህ ቀርቶ ይጮሃል። ያንን ጩኸት ያዙልኝ፣ እመለስበታለሁ።

የእቴቴ ቤት መንገድ ዳር ያለ፣ ጣሪያው ቆርቆሮ የሆነ ባለ ሁለት ክፍል ቤት ነበር። በሩ ሥር አንድ የወይራ ምርኩዝ ቆሟል፤ እጀታው በእጅ ብዛት እንደ ጠጠር የለሰለሰ። ገና እንደገባሁ ላነሣው ስል «ተይ!» አሉኝ። «የአማቴ ነበር። ከሞቱ ጀምሮ ከቦታው አልተነሣም፤ አንችም እንዳታነሽው።» እኔ ግን ለውሻ መምቻ የቆመ ነው ብዬ ነበር፤ ውሻ በመጣ ቁጥር ለምን በድንጋይ እንደሚያባርሩት ግራ ይገባኝ ነበር።

እቴቴ አንዲት ልጅ ነበረቻቸው፣ ዘነቡ የምትባል። በዐሥራ ሦስት ዓመቷ ወደ ቡሬ ዳሯት። የዳሯት አጎቷ ናቸው፣ አያ አድማሱ፤ የሟች አባቷ ታላቅ ወንድም። ዓመት ሳይሞላት ከባሏ ቤት ወጥታ በጭነት መኪና አዲስ አበባ ገባች ተባለ። ከዚያ ወዲያ ድምፅ የለም። ቆይቶ አንድ ሾፌር «ከቡሬ የመጣች ልጅ አዲስ አበባ ሐኪም ቤት ሞተች» የሚል ወሬ አመጣ። ስም የለው፣ መልክ የለው፣ ወሬ ብቻ። እኔ ስመጣ ወሬው ሁለተኛ ክረምቱን ይዞ ነበር።

ስለ ዘነቡ እቴቴ የሚያወሩት እንዝርታቸውን ይዘው ጥጥ ሲፈትሉ ነው። «አያቷ ሲቀበሩ ዐሥር ዓመቷ ነበር» አሉኝ አንድ ቀን። «ከትልልቆቹ ሴቶች መሐል ገብታ ሙሾ ብታወርድ፣ አያ አድማሱ እንኳ፣ ያ ደረቅ ሰውዬ፣ ለእናቱ እንደ ሕፃን አለቀሰ።»

«ምን ብላ፣ እቴቴ? እስቲ ይበሉልኝ።»

እንዝርቱ ቆመ። «ሙሾ ያልሞተበት ቤት አይወርድም። ሞትን በስሙ ጠርቶ ና ግባ ማለት ነው። ሁለተኛ እንዳትጠይቂኝ።»

አልጠየቅሁም።

በሐምሌ አንድ ጠዋት አያ አድማሱ ካባቸው ጭቃ በጭቃ ሆኖ መጡ። ረጅም ሰው ናቸው፤ በራችን ሲገቡ እንደ ግመል ነው የሚያጎነብሱ። የቀረበላቸውን ጠላ ሳይቀምሱ «ጥሩወርቅ» አሉ። «ሁለት ዓመት ጠበቅን። የልጅቱ ነፍስ ያለ ፍትሐት፣ ያለ ተዝካር መንከራተቷ ይብቃ። ፍልሰታ ሲፈታ ተዝካሯን እናውጣ።»

«ለማን ነው ተዝካሩ፣ አያ አድማሱ?»

«ለዘነቡ ነዋ!»

«ዘነቡ መቼ ሞተች?»

«አንች እምቢ ስላልሽ ሙት ይነሣል? የዳርኋት እኔ ነኝ። ‹አጎቴ፣ አልሄድም› ብላ እግሬን ይዛ ነበር። ጎኔን ባሳረፍሁ ቁጥር እግሬን የያዘኝ ሰው አለ። ይሄን ታውቂያለሽ?»

እኔ ከጎታው ጀርባ ሆኜ እግራቸውን አየሁ። ማንም አልያዛቸውም። ጭቃ ብቻ ነበር።

ሲሄዱ እቴቴ በሩ ላይ ቆመው ቀሩ። እኔን አይደለም፣ መንገዱን አይደለም፣ ያንን ምርኩዝ ነበር የሚያዩ። ተዝካሩ ከወጣ ዘነቡ ሞተች ማለት ነው፤ ስሟ ከሙታን ጋር ይጠራል፣ እናቷ ፀጉራቸውን ተላጭተው ጥቁር ይለብሳሉ፣ አንድ ቀን ብትመጣም የምትመጣው ወደተዘጋ ቤት ነው። ይሄ ያኔ የገባኝ አይምሰላችሁ። ያኔ የገባኝ፣ እቴቴ ቁርስ ሳይሰጡኝ መዋላቸው ነው።

በዚያው ቀን ከሰዓት በኋላ አስተማሪው ከአዲስ አበባ ተመለሰ። የፊቱን ክፍል የተከራየው እሱ ነበር። ልጅ እግር ስለሆነ እቴቴ «አንተ» ይሉታል፤ እሱ «እትዬ» ይላቸዋል። ሻንጣውን አስቀምጦ ከጋቢው ውስጥ ሌላ ሻንጣ አወጣ፤ ቀይ፣ ትንሽ፣ ክዳን ያለው። ሲከፍተው ውስጡ ልብስ የለም፤ ክብ ወጭት የመሰለ ነገርና አንዲት የብረት ክንድ አለ። ከሥሩ ስድስት የባትሪ ድንጋይ ደረደረ። ከዚያ ከወረቀት ልባስ ጥቁር ሸክላ መዝዞ አወጣ።

«ይሄ ዘፈን ብቻ እንዳይመስላችሁ» አለ። «ቲያትር ነው። ከንግግሩ ዘፈኑ የሚበዛ ቲያትር። የድሮ ንግሥት ታሪክ ነው። ሦስት እሑድ ታይቶ ቆመ።»

«ምነው?» አሉ እቴቴ።

«አንዱ፣ ተመልካች አጣ ይላል፣ አንዱ ደግሞ ከላይ ያሉት አልወደዱትም ይላል። ብቻ ከመቆሙ በፊት ድምፁን ሸክላ ላይ ቀርጸውት ነበር። ከሙዚቀኞቹ አንዱ ጓደኛዬ ነው፣ እሱ ሰጠኝ። አሁን ቲያትሩ የለም። ያለው ይሄ ነው።»

ዝናቡ ቆርቆሮውን ሲደበድብ ምንም አይሰማም ነበርና እስኪያባራ ጠበቅን። ከዚያ መርፌዋን ጠርዙ ላይ አሳረፋት። መጀመሪያ እሳት ላይ እንደተጣደ ተልባ ተንጣጣ። ቀጥሎ አንድ ወፍራም ድምፅ ያለው ሰው ተናገረ፤ ንግሥቲቱ ጠላት ተነሥቶባት ዓባይን በታንኳ ተሻገረች፣ ልጇ ግን ወዲህ ማዶ ቀረች አለ። ከዚያ ክራር፣ ከዚያ አንዲት ልጅ፤

«ዓባይ ሞልቶ መጣ፣ መሻገሪያም የለኝ፤
ድምፄ ይሂድልኝ፣ እግሬ ካልታዘዘኝ።»

ድምፅዋ ትንሽ ሻከር ይል ነበር፣ ጉንፋን እንደያዘው ሰው። እኔ ዓባይን አይቼ አላውቅም፤ ወዲያው የታየኝ አባቴ ያሻገረኝ ወንዝ ነው። ልጅቱም እንደ ውሻችን ወዲህ ቀርታ ስትጣራ ታየችኝ። አለቀስሁ።

እቴቴ እንዝርታቸውን እንደያዙ በሩ ላይ ነበሩ። ዘፈኑ አልቆ ነጋሪቱ ጀመረ። ምርኩዙን አዩት። ከዚያ ቀስ ብለው «ይች ዘነቡ ናት» አሉ።

አስተማሪው ብድግ አለ። «እትዬ! እርግጠኛ ነዎት?»

«እናት ይሄን ትጠየቃለች?»

«መቼ ነው የተቀረጸው?» አሉ ቀጥለው። ጥያቄያቸው ፈጣን ነበር።

«ዘንድሮ ነው፣ ከፋሲካ ወዲህ።»

«ከፋሲካ ወዲህ» አሉ እቴቴ፤ ቃሉን እንደ ማር ላሱት። «የሾፌሩ ወሬ ሁለት ዓመቱ። ታዲያ ሙት ይዘፍናል?»

አስተማሪው ሸክላውን ሊያዞረው ሲል «በዚያኛው ፊት ምን አለ?» አሉት።

«ጦርነቱ አለ። መጨረሻው ላይ ንግሥቲቱ ትሞታለች፣ ሙሾ አለ።»

እጁን ያዙት። «ያንን ፊት እዚህ ቤት አታዞርም። ተዝካር በር ላይ ቆሞብኝ እያለ ሙሾ በገዛ እጄ አላስገባም።» ስለዚህ ክረምቱን ሙሉ የሰማነው አንዱን ፊት ብቻ ነው። ማንበብ ስለማልችል በመሐሉ ወረቀት ነበር የምለየው፤ የእኛ ፊት ወረቀት ጫፉ ተቀዷል። ያኛውን «ማዶ» አልሁት። ንግሥቲቱ የተሻገረችው ወደዚያ ይመስለኝ ነበርና፣ እኛ ስለማናዞረው ልጅቱ እናቷ ጋ አትደርስም እያልሁ አዝን ነበር።

ድንጋዮቹ ቶሎ ደከሙ። ሲደክሙ የልጅቱ ድምፅ እየጎተተ፣ እየወፈረ፣ መጨረሻ ላይ እንደ አያ አድማሱ ይሆናል። አስተማሪው «ፀሐይ ሲያገኙ ይነቃሉ» አለኝና ሥራው የእኔ ሆነ። ጠዋት ስድስቱንም አወጣለሁ፣ ሰፌድ ላይ እደረድራለሁ፣ ፀሐይ ከቤቱ ጀርባ ስትዞር እኔም ሰፌዱን ይዤ እዞራለሁ። ጠብ ሲል በቀሚሴ እቅፍ አድርጌ እሮጣለሁ። እንደ ጫጩት ነው የጠበቅኋቸው። በእውነትም ሞቀው ሲገቡ ልጅቱ ደህና አድርጋ ትዘፍናለች። ጉንፋኗ ግን አይለቃትም።

ወሬው ሰፈሩን ሞላው። የጎረቤት ሴቶች ዝናብ ባባራ ቁጥር ይመጡና «እስቲ ልጅሽን አሰሚን» ይላሉ። አንዷ «ወይ ዘነቡ፣ በሸክላ ተቀርጻ! እኔን ማን በቀረጸኝ» ስትል፣ ሌላዋ «አንችንማ ሸክላው አይችልሽም፣ ገና ‹እንዴት አደራችሁ› ስትይ ይሞላል» ትላታለች። እቴቴ ይስቃሉ። ልጅቱ ስትጨርስ ግን ሁልጊዜ በቀስታ አንድ ነገር ይላሉ፤ «እናትሽ ትይሽ፣ ልጄ። እናትሽ ለዓይንሽ ትብቃ።» እናቷ እሳቸው ሆነው ስለ ሌላ ሰው ይመስል ለምን እንደዚያ እንደሚሉ አልገባኝም። ትልልቅ ሰው እንዲህ ነው የሚመርቀው አልሁና ተውሁት።

ፍልሰታ ገባ። የነፍስ አባታቸው አባ ወርቄ ጠበል ሊረጩ መጡና ቀዩን ሻንጣ አዩ።

«ጥሩወርቅ፣ በእመቤታችን ጾም ዘፈን ትሰሚያለሽ አሉ።»

«ዘፈን አይደለም፣ አባ። የልጄ ድምፅ ነው።»

አባ ወርቄ ጭራቸውን ወዲያና ወዲህ አደረጉ። «የሞተ ሰውም ድምፅ በዚህ ይቀራል ይባላል፣ አይደል?» አሉ ወደ አስተማሪው ዞረው።

እሱ መዋሸት አይችልም ነበር። «ይቀራል፣ አባ። ይሄ ግን የዘንድሮ ነው።»

«እንግዲያው እሷ መሆኗ ነው ነገሩ።» ትንሽ አሰቡ። «እናት ስለ ልጇ ብትሳሳት አይፈረድባትም። አድማሱም ይስማ። ጾሙ በተፈታ ቀን፣ ከቅዳሴ በኋላ አብረን እንመጣለን። እሷ ናት ካለ ተዝካሩ ይቀራል። አይደለችም ካለ ግን ልጄ፣ እሽ ትያለሽ።»

እቴቴ ጎንበስ ብለው መስቀል ተሳለሙ። ቀና ሲሉ ፊታቸው እንደ አመድ ነበር። ደስ ይላቸዋል ብዬ ጠብቄ ነበር።

ከዚያ ፀሐይ ጠፋች። አንድ ሳምንት ሙሉ ዝናብ፣ ጭጋግ፣ ዝናብ። ድንጋዮቹ እንደ ቀዘቀዘ ድንች ሆኑ። እኔ ቀኑን በጣቴ እቆጥራለሁ። አያ አድማሱ መጥተው ልጅቱ በወንድ ድምፅ ብታጉረመርም ማን ያምናታል? የጾሙ መፍቻ ዋዜማ ጠዋት ላይ ግን ሰማዩ እንደ ታጠበ ሳህን ጠራ። እቴቴ ቤተ ክርስቲያን፣ አስተማሪው ገበያ ሄደዋል። ሰፌዱን ይዤ ወጣሁ፣ ስድስቱን ደረደርሁ። ቁጭ ብዬ ሳያቸው አንድ ሐሳብ መጣልኝ።

ድንጋዮቹ የሻንጣው ጉልበት ናቸው። ልጅቱ ግን ድንጋዩ ውስጥ የለችም፤ ሸክላው ላይ ናት። ያን ሁሉ ዝናብ በወረቀት ልባስ ብቻ ከርማለች። ጉንፋን ባይዛትማ ነው የሚገርም! ድንጋይ እንኳ ሞቆት የሚነቃ ከሆነ እሷ ብትሞቅማ!

ገባሁ፣ ሸክላውን በሁለት እጄ አወጣሁት። ጓሮ የማገዶ እንጨቱን የሚሸፍን ቆርቆሮ ነበር፤ የጋለው ቦታ ላይ በጀርባው አስተኛሁት፣ የእኛን ፊት ወደ ላይ። «ሙቂ፣ እታለም» አልኋት። ዝንብ እንዳያርፍባት በቅጠል አራገብሁላት።

ቀትር ላይ ጠርዙ ፀሐይ ላይ እንደተረሳ ቁርበት ተንጋዶ ነበር። ላቃናው ብጫነው ወዲያኛው ብድግ ይላል። ወደ ልባሱ መልሼ ከተትሁት፣ ሻንጣውን ከደንሁ፣ ለማንም ምንም አላልሁም። በማግሥቱ ጾሙ ሲፈታ ዶሮ ወጡን ሳልቀምስ ተነሣሁ።

አያ አድማሱና አባ ወርቄ መጡ፤ ሴቶቹም መጡ፣ ግማሾቹ ደጅ ቆሙ። እኔ ጎታው ጀርባ ገባሁ። አስተማሪው ሸክላውን ከልባሱ መዘዘ። ከዚያ «ወይኔ» ሲል ሰማሁ።

«ምስክርሽ ጎበጠብሽ፣ ጥሩወርቅ» አሉ አያ አድማሱ። ሊያሾፉ አልነበረም፤ ድምፃቸው አዝኗል።

አስተማሪው ሞከረ። መርፌዋ ጠርዙ ላይ ስትደርስ እንደ ፌንጣ እየዘለለች ትወድቃለች። በጣቱ ጫን ቢላት ጮኸች። የወንዙ ዘፈን ያለው ጠርዙ ላይ ነበር፤ የሄደውም ጠርዙ ነው። «መሐሉ ደህና ነው» አለ ላቡን እየጠረገ። «ግን በዚህ ፊት መሐሉ ላይ ነጋሪትና ወታደር ብቻ ነው ያለ። በዚያኛው ፊት ደግሞ መሐሉ ላይ ያለው…» ብሎ እቴቴን አያቸው።

ሁሉም ገባቸው። ሙሾው ነው።

«ያልሞተበት ቤት?» አለች አንዲት ሴት ከደጅ፣ አፏን በነጠላዋ ይዛ።

አባ ወርቄ ወደ እቴቴ አዩ። እቴቴ ከመደባቸው ተነሡ፣ መቀነታቸውን አጠበቁ። «ዛሬ በሸክላ ባልሰማው ነገ በዳስ ልሰማው አይደል?» አሉ። «አዙረው።»

አዞረው። በሆዴ «ተሻገረች» አልሁ። መርፌዋን መሐሉ አጠገብ አስቀመጣት። ድንጋዮቹ እኮ ጠግበዋል፤ ድምፁ ጥርት ብሎ ወጣ። ክራር የለ፣ ማሲንቆ የለ። የሴቶች ጉርምርምታ ብቻ፣ እንደ እውነተኛ ለቅሶ። ከመሐላቸው አንዷ ድምፅዋን አነሣች፤

«በሩን አትዝጉባት፣ ትመለስ ይሆናል፤
ምርኩዟ ከደጃፍ ቆሞ ይጠብቃል።»

ደጅ ያሉት ሴቶች ሳያስቡት «ወየው፣ ወየው» ብለው ተቀበሉ። ሙሾ ሲወርድ አለመቀበል አይችሉም፤ ሸክላ መሆኑንም ረስተዋል። አልቃሿ ሁለተኛውን ስንኝ ስትጨርስ ትንፋሿን እንደ ሕፃን ሳብ አደረገችና ደገመችው።

አያ አድማሱ ቀስ ብለው ተነሡ። ወደ በሩ ዞሩ። ምርኩዙን አዩ።

«ይሄ የእናቴ ነው» አሉ። «ይሄ የእናቴ ሙሾ ነው። ይሄን ማን ነገራቸው?»

ፊታቸውን ወደ ሻንጣው መለሱ።

«ትንፋሿን ስትስብ ሰማችሁ? ቀብሩ ላይ እንዲህ ነበር… በዐሥር ዓመቷ እንዲህ አድርጋ ነው ያስለቀሰችኝ። እሷ ናት። አባ፣ እሷ ናት! ልጅቱ አለች!» ካባቸውን ፊታቸው ላይ ሳቡት፣ ትከሻቸው ይናጥ ጀመር። ያ ረጅም ሰው መደቡ ላይ ተጣጥፎ ሲያለቅስ ትንሽ ልጅ አከለ።

አባ ወርቄ መስቀላቸውን አወጡ። «ለሕያው ተዝካር አይወጣም» አሉ። «ቀርቷል።»

እቴቴስ? እቴቴ ሻንጣው ፊት በጉልበታቸው ተንበርክከው ነበር። ሙሾው ገና አላለቀም። ድንገት ቀና ብለው እልል አሉ! በሙሾ ላይ እልልታ! ሴቶቹ ደንግጠው ጸጥ አሉ። አንዷ «አበደች» ስትል ሰማኋት፤ እኔም ያበዱ መሰለኝና ጎታው ጀርባ ሆኜ ድምፄን አውጥቼ አለቀስሁ።

በዚያ ነው የተያዝሁ። እቴቴ ጎትተው አወጡኝ። «አንች ነሽ?»

«እ… እንዲሞቃት ብዬ ነው። ጉንፋን ይዟት ነበር።»

ዱላ ጠበቅሁ። አይተውኝ አይተውኝ፣ ፊታቸው በአንዴ ሳቅም ለቅሶም ሆነ። ጋቢያቸውን አውልቀው ጠቀለሉኝ። «እንግዲህ አንችም ሙቂ» አሉኝ። አስተማሪው እንኳ፣ ያን የመሰለ ሸክላ ያበላሸሁበት፣ ጋቢው ላይ መታ መታ አድርጎኝ ሄደ። በዚያው ሰሞን ለጓደኛው ደብዳቤ ጻፈ፤ እቴቴ ለዘነቡ ያስጻፉት አንድ ቃል ብቻ ነበር፣ «በሩ ክፍት ነው።»

በመስከረም አባቴ መጥቶ ወሰደኝ። ወንዙ ጎድሎ ነበር፣ በእግሬ ተሻገርሁ። ዘነቡ ለጥምቀት መምጣቷን ገጠር ሆኜ ሰማሁ። የተንጋደደው ሸክላ እቴቴ ቤት ግድግዳ ላይ ከሰፌዶቹ ጋር ተሰቅሎ ኖረ። እኔም «የዘነቡን የወንዝ ዘፈን ያጠፋሁ» እያልሁ ስቆጭ ኖርሁ።

ከዘነቡ ጋር ቁጭ ብለን ያወጋነው ከብዙ ዓመት በኋላ ነው፣ እቴቴ ሲቀበሩ። ያን ቁጭቴን ነገርኋት፤ ይቅር በይኝ አልኋት።

«የትኛው የወንዝ ዘፈን?» አለችኝ። «የወንዙን የዘፈነች ሌላ ልጅ ናት፤ አገሯንም አላውቅ። እኔ እዚያ አዳራሽ ወለል ጠራጊ ነበርሁ። ዘፋኞቹ ሙሾ ማውረድ ሲያቅታቸው ‹የአገር ቤት ልጅ የለችም?› ተባለ፤ መጥረጊያዬን አስቀምጬ ገባሁ። ሸክላው ላይ ያለሁት እዚያች ቦታ ብቻ ነው።»

የወንዙ ዘፈን በዚያ ቀን ደህና ሆኖ ቢሰማ ኖሮ፣ አያ አድማሱ «አይደለችም» ብለው ተነሥተው ነበር።

«እኔም እኮ እማዬን ጠይቄያታለሁ» አለች ዘነቡ። «‹እማ፣ የሌላ ልጅ ድምፅ እንዴት የኔ መሰለሽ?› አልኋት። ‹መቼ መሰለኝ› አለችኝ። ‹ከመጀመሪያውም አውቄያለሁ። አንች እስክትገኝ በሩን የያዘችልኝ እሷ ናት።›»